ፕሮግራሙ 4 ሺህ ጂን አወጣልኝ፣ የትኛውን ልመን?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን ሰነበቱ። ሐዋሳ ነው ያለሁት፣ ባዮቴክኖሎጂ ማስተርስ ሁለተኛ አመት ነኝ። ቲሲሴ ጡት ካንሰር ላይ ነው፣ ለላብ የሚሆን በጀት ስለሌለ ሙሉ ለሙሉ በኮምፒውተር ነው የምሰራው፣ ሌት-7 የሚባለው ማይክሮ አርኤንኤ (ከጂኖች መልእክት ጋር ተጣምሮ ፕሮቲን እንዳያመርቱ የሚጫን አጭር አርኤንኤ) የትኞቹን ጂኖች እንደሚቆጣጠር መተንበይ ማለት ነው። አንዱ ፕሮግራም ከ4 ሺህ በላይ ጂን አወጣልኝ፣ ሌላው ደሞ 1,200 ምናምን። አማካሪዬ በሶስት ፕሮግራም አስኪጂና የጋራቸውን ውሰጂ ብሎኛል። ሌላው ግራ የገባኝ ሌት-7ኤን እና ሌት-7ቢን ለየብቻ ሳስገባቸው የሚመጣው ያው አንድ ሊስት ነው፣ የሆነ ነገር አበላሽቼ ይሆን? ቢያስረዱኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ ልጄ ሰላም ነሽ? ከመጨረሻው ልጀምርልሽ፣ ምንም አላበላሸሽም። ማይክሮ አርኤንኤ ወደ 22 ፊደል (ኤ፣ ዩ፣ ጂ፣ ሲ የሚባሉት) ገደማ ርዝመት አለው፣ ግን አብዛኞቹ ፕሮግራሞች በዋናነት የሚያዩት ከ2ኛው እስከ 8ኛው ያሉትን ፊደላት ነው፣ ሲድ የሚባለውን። የሌት-7 ሲድ ጂ-ኤ-ጂ-ጂ-ዩ-ኤ-ጂ ነው። ኤ ከዩ ጋር ጂ ደሞ ከሲ ጋር ስለሚጣመሩ፣ ፕሮግራሙ የእያንዳንዱን ጂን መልእክተኛ አርኤንኤ (ፕሮቲን ለመስራት የሚነበበውን ቅጂ) ይዞ ፕሮቲን የሚሰራው ክፍል ካለቀ በኋላ ያለውን ጭራ (ዩቲአር የምትሉትን) ከዳር እስከዳር እየሄደ ሲ-ዩ-ኤ-ሲ-ሲ-ዩ-ሲ የሚል ይፈልጋል፣ ቀጥሎ ኤ ካለበት ደሞ የበለጠ ጠንካራ ነው ይላል። ሌት-7ኤም ሌት-7ቢም ሌሎቹም የቤተሰቡ አባላት ሲዳቸው አንድ ነው፣ የሚለያዩት ከዛ በኋላ ባሉት ፊደሎች ነው፣ ስለዚ ሊስቱ አንድ ቢሆን አይገርምም። ቲሲስሽ ላይም "የሌት-7 ቤተሰብ" ብለሽ ጻፊ፣ ሌት-7ኤ ብቻውን ነው ማለት የሚያስችል ማስረጃ ከዚህ ሊስት አይገኝም።

አሁን ወደ 4 ሺው እንሂድ። ይሄን ስሌት ራስሽ በወረቀት ስሪው፣ ከማንኛውም ማኑዋል በላይ ይጠቅምሻል። አራት ፊደል ነው ያለው፣ ስለዚ አንድ የተወሰነ ባለ 6 ፊደል ቃል እንዲሁ በአጋጣሚ በየ4,096 ፊደሉ አንዴ ይመጣል፣ ባለ 7 ከሆነ በየ16,384። የሰው ልጅ ፕሮቲን የሚሰሩ ጂኖች ወደ 20 ሺህ ናቸው፣ ለስሌት እንዲመቸን የእያንዳንዱ ዩቲአር 1,000 ፊደል ነው እንበል፣ በድምሩ 20 ሚሊዮን ፊደል። ለ4,096 ስታካፍይው ወደ 4,900 ይመጣል! አየሽ፣ ምንም ባዮሎጂ ሳይኖር፣ ፊደል ብቻ ተበትኖ፣ በ6 ፊደል ፍለጋ 4 ሺህ ምናምን ቦታ ይገኛል። በ7 ፊደል እንኳን 1,200 ገደማ ይወጣል። መናኸሪያ ቆመሽ "ታሪኩ!" ብለሽ ብትጣሪ ስንት ሰው ይዞራል? የዞረው ሁሉ ያንቺ ታሪኩ አይደለም፣ የአባት ስም ያስፈልግሻል።

ያ 1,200 ያወጣልሽ ታርጌትስካን ይመስለኛል፣ እሱ የአባት ስም ይጠይቃል፣ ማለትም ያ ቦታ በሰው ብቻ ሳይሆን በአይጥ በውሻ በሌሎችም እንስሳት ሳይቀየር ቆይቷል ወይ ብሎ ያያል። የማይጠቅም ቢሆን በዚህ ሁሉ ሚሊዮን አመት ይፋቅ ነበር ነው ሀሳቡ። በዚህ መንገድ ነው በ2009 የማይክሮ አርኤንኤ ተመራማሪው የዴቪድ ባርተል ቡድን ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሰው ፕሮቲን ሰሪ ጂኖች በማይክሮ አርኤንኤ ቁጥጥር ስር ናቸው ያለው። ሌሎች ደሞ ሌላ ነገር ያያሉ፣ ፒታ የሚባለው ለምሳሌ ቦታው በአርኤንኤው እጥፋት ውስጥ ተደብቋል ወይስ ክፍት ነው ይላል።

የአማካሪሽን ምክር በተመለከተ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ እኔ አልስማማም። ታርጌትስካን፣ ፒክታር፣ ኤምአይአርዲቢ ሶስቱም በሲድ ላይ የቆሙ ናቸው፣ ሶስቱ ተስማሙ ማለት ሶስት የተለያየ ምስክር አገኘሁ ማለት አይደለም፣ አንዱን ነገር ሶስቴ ጠየቅሽ እንጂ። በዛ ላይ የጋራውን ብቻ ስትወስጂ እውነተኛ ታርጌቶችን (ማይክሮ አርኤንኤው በእውነት የሚቆጣጠራቸውን ጂኖች) አብረሽ ትጥያለሽ። እኔ ብሆን አንድ ፕሮግራም እመርጥና በውጤቱ ደረጃ ከላይ ወደታች እደረድራለሁ፣ ከዛ ጊዜዬን በሙሉ ሌላ አይነት ማስረጃ ላይ አጠፋለሁ።

የመጀመሪያው ማስረጃ፣ ማይክሮ አርኤንኤውና ጂኑ አንድ ሴል ውስጥ አሉ ወይ? የጡት ቲሹ ውስጥ ጨርሶ የማይበራ ጂን ሲዱ የቱንም ያህል ቢያምር ላንቺ ጥያቄ ዋጋ የለውም፣ ይሄ ብቻ ሊስትሽን በጣም ያሳንሰዋል። ሁለተኛ፣ ሌት-7 ሲቀንስ ጂኑ ይጨምራል ወይ፣ ይሄን ከህዝብ ዳታቤዝ ካወረድሽው የዕጢ ዳታ ማየት ትችያለሽ፣ ግን እባክሽ እዚህ ጋ ተጠንቀቂ፣ ሁሉም ሰው ሁለት እጥፍ ያልተቀየረ ጂን ይውጣ ብሎ ይቆርጣል። በ2008 ሁለት ቡድኖች በሺዎች የሚቆጠሩ ፕሮቲኖችን ለክተው ያገኙት አንድ ማይክሮ አርኤንኤ አብዛኛውን ታርጌቱን ከሁለት እጥፍ በታች ብቻ እንደሚቀንስ ነው። ስራው በአንዴ ማጥፋት ሳይሆን ብዙ ጂን ላይ ትንሽ ትንሽ ጫን ማለት ነው፣ በሁለት እጥፍ ከቆረጥሽ የምትፈልጊውን ነገር ነው የምትጥይው።

ሌላ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ቦታ ፓዝዌይ አናሊሲስ ነው፣ ሊስቱ ውስጥ ያሉት ጂኖች በየትኛው የሴል ስራ ላይ እንደሚበዙ ማየት ማለት ነው። ሊስቱን አስገብተሽ "ፓዝዌይስ ኢን ካንሰር" አናት ላይ ሲመጣ ልብሽ ይሞቃል፣ አውቃለሁ። ግን ዩቲአራቸው ረጅም የሆኑ ጂኖች በእድገትና በሴል ቁጥጥር ስራ ላይ የበዙ ስለሆኑ የትኛውንም ማይክሮ አርኤንኤ ብታስገቢ እንደዛ ነገር ይመጣል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፣ የሲዱን ፊደላት በዘፈቀደ እያቀያየርሽ 1,000 የውሸት ሲድ ፍጠሪ፣ ለሁሉም ሊስት አውጪ፣ ለሁሉም ፓዝዌይ ስሪ፣ ከዛ የእውነተኛው ሌት-7 ውጤት ከውሸቶቹ ይለያል ወይ ብለሽ እዪ። አር በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ አንድ ሉፕ (የሚደጋገም ትእዛዝ) ነው፣ ብር አይጠይቅም፣ እና ብዙ የታተመ ወረቀት ላይ እንኳን የሌለ ነገር ነው፣ ይሄን ብቻ ብትሰሪ ቲሲስሽን ኮርቼ ነው የማነበው። የታርጌትስካን ዳታ ሙሉው በፋይል ይወርዳል፣ ኔት ደህና በሆነበት ሰዓት አንዴ አውርደሽ ከዛ ኔት ጠፋ መጣ ሳትይ መስራት ትችያለሽ።

ዘዴሽ መስራቱን ማየት ከፈለግሽ ደሞ ኤችኤምጂኤ-2 የሚባለው ጂን ሊስትሽ አናት አካባቢ መኖሩን ፈትሺ። ዩቲአሩ ላይ 7 የሌት-7 ቦታ አለው፣ እና በላብ የተረጋገጠ ነው፣ አንዳንድ ዕጢዎች ውስጥ ክሮሞሶሙ ተሰብሮ ጂኑ ከዩቲአሩ ሲለያይ ሌት-7 መያዝ ያቅተውና ጂኑ ያለ ልክ ይበራል፣ በ2007 ነው የታየው። ላብ ያላቸው ሰዎች አንድን ታርጌት የሚያረጋግጡት እንዲህ ነው፣ ሉሲፌሬዝ የሚባል ብርሃን የሚሰጥ ጂን ጀርባ ላይ ዩቲአሩን ይቀጥላሉ፣ ማይክሮ አርኤንኤው ሲጨመር ብርሃኑ ይቀንሳል፣ ከዛ የሲዱን ቦታ ሁለት ሶስት ፊደል ለውጠው ሲደግሙት ብርሃኑ ካልቀነሰ በቃ ቦታው እሱ ነው። አንቺ ይሄ ስለሌለሽ "ሌት-7 ይቆጣጠራል" ብለሽ እንዳትጽፊ፣ "ሊቆጣጠር እንደሚችል ተገምቷል" በዪ። ዲፌንስ ላይ የሚያስጥልሽ የላብ አለመኖር ሳይሆን ያልታየን ነገር እንደታየ አድርጎ መጻፍ ነው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ሰላም፣ እኔም እዚሁ ሐዋሳ ሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ የ2024ቱ የህክምና ኖቤል ለምን በትል ላይ ለተሰራ ስራ ተሰጠ አሉኝ፣ አጠር ያለ መልስ ብትሰጠኝ።

መልስ፦ አንድ ሚሊ ሜትር የምታህል ትል ናት። ከሁለቱ ተሸላሚዎች የአንዱ፣ የቪክቶር አምብሮስ ላብ ሊን-4 የሚባለው ጂን ፕሮቲን ሳይሆን አጭር አርኤንኤ እንደሚሰራ አገኘ፣ የሌላው፣ የጋሪ ሩቭኩን ላብ ደሞ ሊን-14 የሚባለውን ጂን ዩቲአር ያጠና ነበር። ሁለቱን ፊደላት ጎን ለጎን ሲያስቀምጡ እርስ በርስ የሚጣመሩ ሆነው ተገኙ፣ 1993 ላይ ታተመ፣ እንደኔ የመጀመሪያው የታርጌት ትንበያ ያ ነው፣ ያውም ያለ ፕሮግራም በአይን። ለሰባት አመት የትል ጉዳይ ብቻ ነው ተብሎ ቆየ፣ በ2000 ሌት-7 ሲገኝና ሰውን ጨምሮ በብዙ እንስሳት ውስጥ መኖሩ ሲታይ ነው አለም የዞረው። ለተማሪዎችህ በ2005 የተሰራችውን ሙከራም ንገራቸው፣ አንጎል ውስጥ የሚበዛውን ሚር-124 ሌላ ሴል ውስጥ ሲጨምሩት ወደ 100 የሚሆኑ ጂኖች ቀነሱና የሴሉ የጂን አሰላለፍ (የትኞቹ ጂኖች ምን ያህል እንደሚበሩ) ወደ አንጎል አዘነበለ፣ የጡንቻውን ሚር-1 ሲጨምሩ ደሞ ወደ ጡንቻ። ዲኤንኤያችን አንድ ሆኖ ሴሎቻችን ለምን ይለያያሉ ለሚለው ጥያቄ ጥሩ ምሳሌ ነው።

ጥያቄ፦ ከአዳማ ነኝ። ቴሌግራም ላይ በደም ብቻ ማይክሮ አርኤንኤ ለክተን ካንሰርን ቀድመን እናውቃለን የሚል ማስታወቂያ አየሁ። እናቴ ጡቷ ላይ ትንሽ እብጠት አላት፣ ላሳያት ወይ?

መልስ፦ እህቴ፣ ለዚህ ብር አታውጪ። ማይክሮ አርኤንኤ ደም ውስጥ መገኘቱ እውነት ነው፣ ምርምሩም በሰፊው እየተሰራ ነው፣ ግን ለጡት እብጠት የሀኪም ምርመራን የሚተካ አይደለም። አንድ ችግሩን ብቻ ልንገርሽ፣ ሚር-451 እና ሚር-16 ቀይ የደም ሴል ውስጥ ሞልተዋል፣ ደሙ ሲቀዳ ወይ ሲጓጓዝ ትንሽ ሴል ከፈነዳ ልኬቱ ይዛባል፣ በሽታ ሳይኖር ያለ ሊመስል ይችላል። እናትሽን በዚሁ ሳምንት ሆስፒታል ውሰጃት፣ ሀኪሙ በእጁ ይይ፣ አልትራሳውንድ ይነሳ፣ አስፈላጊ ከሆነ በመርፌ ናሙና ይወሰድ። ህመም የለውም ብላ እምቢ ካለች አትስሚያት፣ የማያም እብጠትም መታየት አለበት።