ቤቱ በፋሲካ ይሞላል፣ እኔ ግን ምድጃ ዳር ነኝ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ለገጣፎ ነው። ባለቤቴ ከዘጠኝ ልጆች የመጀመሪያው ነው፣ እናቱም ከእኛ ጋር ስለሚኖሩ ፋሲካ ሲመጣ ሁሉም ከነልጆቻቸው የሚሰበሰቡት እኛ ቤት ነው። አንዷ ከሰበታ፣ አንዱ ከቡራዩ፣ ሌሎቹ ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ይመጣሉ። ሲመጡ ደስ ይለኛል፣ እውነቴን ነው። ከእናቴ ጋር ለብቻችን ስላደግኩ እንዲህ ያለ ቤተሰብ ስመኝ ነው የኖርኩት።

ግን ከሐሙስ ጀምሮ ቁጭ አልልም። ጉልባኑን ቀቅዬ፣ ዓርብ ስግደት ውዬ መጥቼ፣ ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ ሽንኩርት ላይ ነኝ። መብራት ከጠፋ ደግሞ ከሰል ማቀጣጠል ነው። ወንዶቹ ዶሮውን አርደው ይወጣሉ። የባሌ እህቶች የሚደርሱት ማታ ነው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ከእማማ ጋር በዚያው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። እኔ ወጡን ለማን ትቼ ልሂድ? ካገባሁ ወዲህ የትንሣኤን ሌሊት ቅዳሴ አስቀድሼ አላውቅም። ዝማሬውን በድምፅ ማጉያ ነው የምሰማው፣ ምድጃ ዳር ሆኜ። ሲመለሱ አቀርባለሁ፣ ይበላል፣ «እንኳን አደረሰን» እንባባላለን፣ ይጫወታሉ። «ደከመሽ ወይ?» ያለኝ ሰው ግን የለም። ከዚያ ደግሞ እንዲህ በማሰቤ ራሴን እወቅሳለሁ። ጤና አለን፣ ልጆቻችን ደህና ናቸው፣ የሚበላም አልጠፋም። ምስጋና ቢስ ሆኜ ይሆን?
ምራት ነኝ፣ ከለገጣፎ

መልስ፦ እህቴ፣ ደክሞሻል እንጂ ምስጋና ቢስ አልሆንሽም። ምስጋና ቢስ ሰው እንዳንቺ ጤናውንና ልጆቹን እያነሳ አይጽፍም።

ከደብዳቤሽ ልቤን የነካው የሽንኩርቱ ነገር አይደለም፣ የሌሊቱ ቅዳሴ ነው። 55 ቀን ጾመሽ፣ ሰሙነ ሕማማቱን አሳልፈሽ፣ ዓርብ ሙሉ ቀን ሰግደሽ፣ ካህናቱ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ሲሉ ሕዝቡ «በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን» ብሎ በሚመልስበት ሰዓት አንቺ ብቻ ቤት ትቀሪያለሽ። ደስታው ባይደርስሽ ምን ይገርማል? ዘንድሮ ጧፍሽን ይዘሽ ቤተ ክርስቲያን መቆም አለብሽ፣ እዚህ ላይ ድርድር የለኝም። ወጡም እንግዳውም ይህን ታስቦ ይታቀድ። የ2018 ፋሲካ ሚያዝያ 4 ነው የሚውለው፣ ከአሁኑ ተነጋገሩ።

መጀመሪያ ለባለቤትሽ ንገሪው። ክፉ ሆኖ አይመስለኝም፣ ወጡን ሁሌ ደርሶ ስለሚያገኘው እንዴት እንደሚደርስ አላየም። ለእኛ የጻፍሽውን ለእሱም እንዳለ በይው። ቀጥሎ ሁለታችሁም ወደ እማማ ሂዱ። አንቺ «ሥራ እንከፋፈል» ብትዪ ቅሬታ ይመስልብሻል፣ እሳቸው ካሉት ግን ዘጠኙም እሺ ይላሉ። እሳቸውም በጊዜያቸው ስንቱን ፋሲካ በጭስ እንዳሳለፉት ያውቁታልና አይጨክኑብሽም። «እማማ፣ ዘንድሮ ሥራውን እርስዎ ያከፋፍሉን» በያቸው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ለአንድ ዶሮ 2 ኪሎ ሽንኩርት ብናስብ፣ ለእንደናንተ ላለ ቤት አራት ዶሮ ቢሠራ 8 ኪሎ ነው። ይህን አንዲት ሴት ቅዳሜ ጠዋት ብቻዋን ልጣ፣ ከትፋ፣ አቁላልታ እንዴት ትችለዋለች? ሽንኩርቱ እስከ ሐሙስ ይላጥ፣ ልጆቹም ቢሆኑ ነጭ ሽንኩርት መፈልፈል ያውቃሉ። ቁሌቱ ቅቤ እስካልገባበት የጾም ስለሆነ አስቀድሞ ቢሠራ ችግር የለውም፣ መቅመስም ይቻላል። ቅቤው ከገባ በኋላ ያለውን ግን አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ጾመኛ ነሽና ጨውና መከለሻውን በማሽተትና በዓይንሽ ብቻ ነው የምትመጥኚው። ሳይቀምሱ ዶሮ ወጥ ማጣፈጥ ትልቅ ሙያ ነው፣ ቁጭ ብለው ከሚበሉት ውስጥ ይህን ልብ ያለው ስንቱ እንደሆነ እንጃ።

ማረዱ የወንዶቹ ነው፣ ይሁን። ግን ከማረድ በኋላ በፈላ ውሃ ነክሮ ላባውን መንጨት፣ መለብለብ፣ በሎሚና በጨው ደጋግሞ ማጠብ አለ። 12ቱን ብልት አስተካክሎ ማውጣት የለመደ እጅ ይፈልጋል፣ እሱ ለአንቺና ለእማማ ይቅር፤ መንጨቱንና ማጠቡን ግን ማንኛውም ወንድ ይችለዋል። ቅር ካላቸው ጸሎተ ሐሙስን አስታውሻቸው። ጌታ ጎንበስ ብሎ የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበበት ቀን ነው፣ በየቤተ ክርስቲያኑም በዚያ ቀን ካህናቱ የምእመናንን እግር ያጥባሉ። ያንን አይቶ የመጣ ሰው ዶሮና ድስት ማጠብ ሊከብደው አይገባም።

የሰበታዋ ድፎውን ጋግራ ትምጣ። የኮዬ ፈጬዎቹ እንጀራውን አስጋግረው ይምጡ፣ አንዷ ደግሞ ዓርብ ከስግደት በኋላ መጥታ እናንተ ጋ ትደር። መንገዱ ሩቅ ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን ቅዳሜ ማታ ለመድረስም ያው መንገድ ነው። ከሰሉ አስቀድሞ ተገዝቶ ይቀመጥ። ወጡ ከምሽቱ 2 ሰዓት በፊት ይውጣ። ሕፃናቱን የሚጠብቅ አንድ ሰው ቤት ይቀራል፣ በየዓመቱ በተራ፣ ዘንድሮ ግን ተራው ያንቺ አይደለም።

«ደከመሽ ወይ» የሚል ጠፋ ላልሽው ደግሞ፣ ሌሊት ስትመለሱና ድፎው ሊቆረስ ሲል ባለቤትሽ ማን ምን እንደሠራ በየስማችሁ እየጠራ ይናገር። ረጅም ንግግር አያስፈልግም። ከዚያ እማማ ይመርቁ። «እጅሽን ቁርጥማት አይንካው» ሲሉሽ ልጆቹም፣ የልጅ ልጆቹም ይስሙ፣ ልጅ ማመስገንን የሚለምደው ትልልቆቹ ሲያመሰግኑ ሰምቶ ነው። ፈረሰኛው የአባወራው ነው፣ የቆየ ወግ ስለሆነ አልነካውም፤ ግን ባለቤትሽ ዘንድሮ ከፈረሰኛው ቆርሶ መጀመሪያ አንቺን ቢያጎርስሽ እንዴት ደስ ባለኝ።

አንድ ነገር ደግሞ ካንቺ ይጠበቃል። ከልጅነትሽ የተመኘሽው እንዲህ ያለ ቤተሰብ እንደነበረ ለእነሱ ነግረሻቸው ታውቂያለሽ? የባልሽ እህቶች ይህን ላይሰሙ ይችላሉ። ምናልባትም ቤቱ የእናታቸው ስለመሰላቸው፣ አንቺም ምንም ስለማትዪ፣ ወጥ ቤት ገብተው እንዳይጋፉሽ ፈርተው ይሆናል። ቡናው ሲፈላ ንገሪያቸው።

ጥያቄ፦ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ የፋብሪካ ጥበቃ ነኝ። የፋሲካ እሑድ ተረኛ ነኝ። ወላጆቼም የክርስትና አባቴም ሱሉልታ ናቸው። ዘንድሮ በግ መግዣ የለኝም። በዓሉ ካለፈ በኋላ፣ ያውም ያለ በግ ብሄድ ነውር ይሆንብኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ምንም ነውር የለውም፣ ሂድ። አክፋይ ማለት የግድ በግ ነው ያለህ ማነው? ለወላጅና ለክርስትና አባት አንድ ድፎ ዳቦ ይዞ መሄድም አክፋይ ነው። ለበግ ብለህ ግን አትበደር፣ እናትህ ዕዳ ውስጥ ገብተህ ያመጣኸውን ብታውቅ አይዋጥላትም። ሥጋ ይዤ ካልሄድኩ ካልክ ከሥራ ባልደረቦችህ ጋር ቅርጫ ግባና ከድርሻህ ከፍለህ ውሰድላቸው።

በዓሉ አለፈ የምትለውም ልክ አይደለም። ሰኞ ማዕዶት ነው፣ የሚቀጥለው እሑድ ደግሞ ዳግም ትንሣኤ። እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳን አይጾምም፣ ስለዚህ የትኛውም ቀን ብትደርስ ቤቱ በዓል ላይ ነው። በዕለቱ ሌሊት ግን ደውልላቸው፣ ከቅዳሴ ሲመለሱ፣ 9 ሰዓት አካባቢ። ለዳግም ትንሣኤ ደግሞ ተረኛ እንዳትሆን ከጓደኛህ ጋር ከአሁኑ ተቀያየር፣ ለአለቃህም ቀድመህ አሳውቀው።