የሳሎን ዘንባባ ቁመቱ እንዳይረዝምብን፦ ጥያቄና መልስ

በሸክላ ተተክሎ ሳሎን የሚቀመጠው ትንሹ ዘንባባ ሳይንሳዊ ስሙ ካማዶሪያ ኤሌጋንስ ነው። የሜክሲኮና የጓቲማላ ጫካ ተወላጅ ሲሆን በትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ስለሚያድግ የቤት ውስጥ ብርሃን ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ዘንባባዬ ወገቤን አልፏል። ጫፉን ብቆርጠው ከጎን አያቆጠቁጥም?

መልስ፦ ልጄ፣ እባክህ መቀሱን አስቀምጥ! ይህ እንደ ጽጌረዳ አይደለም። ግንዱ የሚያድገው ጫፉ ላይ ባለችው በአንዲት ቡቃያ ብቻ ነው። አዲሱ ቅጠል ተጠቅልሎ እንደ ጦር ቀጥ ብሎ ከመሐል ሲወጣ አይተህ ይሆናል፤ የሚወጣው ከዚያች ቡቃያ ነው። እርሷን የቆረጥክ ዕለት ግንዱ አበቃለት። ነገር ግን አፈሩን በጣትህ ገለጥ አድርገህ እይ። ሻጮች ብዙ ጊዜ በአንድ ሸክላ አሥር፣ አሥራ አምስት ችግኝ አጭቀው ስለሚተክሉ፣ አንድ የመሰለህ ተክል ብዙ ሆኖ ታገኘዋለህ። ከመካከላቸው የረዘመውን ብቻ ከአፈሩ ጋር አስተካክለህ ቁረጥ፤ አጫጭሮቹ ይቀሩልሃል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሳይቆረጥ እንዴት ነው ትንሽ የሚሆነው?

መልስ፦ ጠበብ ባለ ሸክላ። ሥሩ ከታች ባለው ቀዳዳ ብቅ እስኪል አይንኩት። ሲያዛውሩትም አዲሱ ሸክላ ከአሮጌው በሁለት ጣት ብቻ ይስፋ፤ ሥሩን አይበታትኑት፣ አይከርክሙትም፣ መነካካት አይወድም። ማዳበሪያ ጥቂት ይበቃዋል። ፈጽሞ መንሳት ግን አይገባም፤ የተራበ ዘንባባ ቅጠሉ ይገረጣል እንጂ አያምርም።

ጥያቄ፦ የቅጠሉ ጫፍ ቡናማ ሆነብኝ።

መልስ፦ አየሩ ደርቆ፣ ወይም ከማዳበሪያው ጨው አፈሩ ውስጥ ተጠራቅሞ ይሆናል። ከታች እስኪፈስ ድረስ ውኃ ያጠጡት፤ ሳህኑ ላይ የቀረውን ይድፉ።

ጥያቄ፦ ለሆሳዕና የምንይዘውን የሀገራችንን ዘንባባ በሸክላ ልተክል?

መልስ፦ አልመክርም። ቁመቱ እስከ 10 ሜትር ሊደርስ ይችላል፣ የቅጠሉ ሥር እሾህ አለው። መሬት ይስጡት።

ጥያቄ፦ ሳይካስ የሚባለው ዘንባባ መሰል ተክልስ? እርሱም ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው።

መልስ፦ መልኩ ያሳስታል እንጂ ዘንባባ አይደለም፤ ዝምድናው ለጥድ ይቀርባል። በሸክላ ለዓመታት ትንሽ ሆኖ ይቆያል፤ ብርሃን ግን ይፈልጋል። ደግሞም ይጠንቀቁ፦ ሁለመናው፣ ከሁሉ በላይ ፍሬው መርዛማ ነው። ቤትዎ ውስጥ ውሻ ወይም የሚድህ ሕፃን ካለ ካማዶሪያውን ይያዙ።