ጠባይዋ ነው ወይስ መድኃኒቱ?

ጥያቄ፦ እህቴ 24 ዓመቷ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ ተጨናቂ ናት፤ ልቧ ትንሽ ፈጠን ካለ «ልሞት ነው» ትላለች። ሐኪም ለጭንቀቷ ፍሉኦክሴቲን 20 ሚሊግራም አዘዘላት። በሦስተኛው ቀን ማቅለሽለሽ፣ መንቀጥቀጥና እንቅልፍ ማጣት ጀመራት። ጎረቤታችን ያንኑ መድኃኒት ስትወስድ ምንም አላላትም። እናታችን «ጠባይሽ ነው» ይሏታል። እውነት የጠባይ ነገር ነው? (ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን)

መልስ፦ እናትዎ ግማሹን አግኝተውታል። «ታስመስያለሽ» ለማለት ከሆነ ግን ተሳስተዋል። ፍሉኦክሴቲን በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ሳምንታት ያሏቸውን ምልክቶች ሁሉ ሊያመጣ ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜም እየቀለሉ ይሄዳሉ። ጥቅሙ ግን የሚታየው ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ቆይቶ ስለሆነ ታማሚዋ መጀመሪያ የሚደርሳት ጉዳቱ ብቻ ነው። የልቡን ምትና የሆዱን ጩኸት ሲያዳምጥ የሚውል ሰው ደግሞ ሌላው ሳያስተውለው የሚያልፈውን ቶሎ ይሰማዋል። ፍርሃቱ አድሬናሊን ያመነጫል፣ ልቡ ይበልጥ ይመታል፣ እሱም ይበልጥ ይፈራል። በመድኃኒት ሙከራዎች ላይ መድኃኒት የሌለበት ባዶ እንክብል የዋጡ ሰዎች እንኳ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ይሰማቸዋል፤ ስሜቱም የምር ነው።

ስለዚህ ጠባይዋን ለሐኪሙ ንገሩት። እንደ እሷ ላሉ ሰዎች በ10 ሚሊግራም መጀመር የተለመደ ነው። የ20ውን ካፕሱል ቤት ውስጥ ከፍታችሁ ለሁለት አትክፈሉ። ፍሉኦክሴቲን ከሰውነት ቶሎ ስለማይወጣ፣ 10 ካልተገኘ ሐኪሙ አንድ ቀን እየዘለለች እንድትወስድ ሊያዝ ይችላል። ጠዋት ከቁርስ በኋላ ትዋጠው፤ በረመዳን ከሱሁር ጋር።

ከጠባይ በፊት ግን ጫቱን እንጠይቅ። ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ከተቀመጠች የሌሊቱ እንቅልፍ ማጣትና የልብ ምቱ የማን እንደሆነ ማንም ሊለየው አይችልም። ሦስቱ ሲኒ ቡናም እንደዚያው። ለሁለት ሳምንት ጫቱን ትተወው፣ ቡናውን ወደ አንድ ሲኒ ታውርደው። በየምሽቱ ምልክቱን፣ ሰዓቱንና ክብደቱን ከ0 እስከ 10 ደብተር ላይ ትጻፍ፤ መድኃኒቱን ከመጀመሯ በፊት የነበረውንም ለብቻው ትመዝግብ። መንቀጥቀጡ ድሮም ከነበረ ያኔ ይታያል።

«ጭንቀታም» የሚለው ቅጽል የሚጎዳበትም ጊዜ አለ። ሃሎፔሪዶል (ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሚሰጥ መድኃኒት) የሚወስድ ሰው ቁጭ ማለት አቅቶት ሲንቆራጠጥ ብዙ ጊዜ በጠባዩ ወይም በሕመሙ ይሳበባል፤ መጠኑ ይጨመርለትና ይብስበታል። ጥፋቱ ግን የመድኃኒቱ ነው። ቻይ የሚባሉትም ያሳስቡናል፤ እንደ ፍሉኦክሴቲን ባለ መድኃኒት የተነሳ የወሲብ ፍላጎታቸው መጥፋቱን ከመናገር መድኃኒቱን በዝምታ ማቆም ይቀላቸዋል።

እህትዎ መድኃኒቱን በራሷ አታቁም። ሽፍታ ከወጣባት፣ ወይም ሳትተኛ እያደረች ከልክ በላይ ከተደሰተችና ወሬ ካበዛች በዚያው ቀን ሐኪሟ ይያት። ከ25 ዓመት በታች ባሉት ላይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራስን የመጉዳት ሐሳብ ሊበረታ ስለሚችል፣ እንዲህ ያለ ነገር ከተናገረች ቀጠሮ ሳትጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት፤ ብቻዋንም አትተዋት።