ስቴት የፌዴራል ቤዝ ላይ ምን ሥልጣን አለው? ቨርጂኒያ ቢች ቤት ልትገዛ ላሰበችው እህታችን

እህቴ፣ ባለቤትሽ ኦሺያና የባሕር ኃይል አየር ማረፊያ በሲቪልነት እንደሚሠራ፣ ቤት ልትገዙ እንዳሰባችሁና ቤዙ ይዘጋ ይሆን ብለሽ እንደሰጋሽ ጽፈሻል። ደግሞም ፖለቲከኞቹ «የቤዝ ሥራዎችን እናስጠብቃለን» ሲሉ፣ ንብረቱ የፌዴራል ሆኖ ሳለ ስቴቱ ምን ሊያደርግ ይችላል ብለሽ ጠይቀሻል። ቁም ነገሩ ያለው ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ስለሆነ እዚያ ላይ እቆያለሁ። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ቤዝ በአንድ ፊርማ አይዘጋም። ቢያንስ 300 የሲቪል ሠራተኛ መደብ ያለውን ቤዝ ለመዝጋት፣ ወይም ከዚያው ቤዝ ከ1,000 በላይ ወይም ከግማሽ በላይ ሲቪሎችን ለማንሳት ፔንታጎን ለኮንግረስ ማሳወቅና ጥናት ማቅረብ አለበት። ትልልቆቹ መዘጋቶች የተወሰኑት ብራክ በሚባለው፣ አንድ ኮሚሽን የሚዘጉትን ቤዞች ዝርዝር በሚመረምርበት አሠራር በ1988፣ 1991፣ 1993፣ 1995 እና 2005 ነው። ከዚያ ወዲህ ኮንግረስ ሌላ ዙር አልፈቀደም። ስለዚህ ዛሬ ሥራ የሚጠፋው በብዛት በጸጥታ ነው፦ አዲሱ አውሮፕላን ለሌላ ቤዝ ይመደባል፣ አንድ ስኳድሮን (የአውሮፕላን ቡድን) ይዛወራል፣ ጡረታ የወጣ ሰው አይተካም። ከዚያ ገደብ በታች የሆነ ቅነሳ ዜና እንኳ አይሆንም።

በ2005 ዘጠኙ የብራክ ኮሚሽነሮች የመዘኑት በስምንት መስፈርት ነበር። የመጀመሪያዎቹ አራቱ ስለ ወታደራዊ ጥቅም ናቸው፤ ቅድሚያም ነበራቸው። በአካባቢው ኢኮኖሚ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ስድስተኛ ላይ ነው የመጣው። ቲሸርት አሠርቶ «ሥራችንን አትንኩብን» ብሎ መሰለፍ ብዙም የማይፈይደው ለዚህ ነው። የሚያሳምነው መሬቱ፣ የአየር ክልሉ፣ የማስተናገድ አቅሙና ወጪው ነው። ሳውዝ ዳኮታ ያለው የኤልስዎርዝ አየር ኃይል ቤዝ ከሚዘጉት ዝርዝር የወጣው ኮሚሽኑ አውሮፕላኖቹን ማዛወር ፔንታጎን ያሰበውን ቁጠባ እንደማያመጣ ስላየ ነው።

እዚህ ላይ ነው ስቴት ጉልበት የሚያገኘው። ከአጥሩ ውስጥ ትእዛዝ የለውም፤ ከአጥሩ ውጭ ያለው መሬት፣ መንገድ፣ ውሃና የሙያ ፈቃድ ግን በእሱና በከተማው እጅ ነው።

የራስሽ ከተማ ቨርጂኒያ ቢች ከሁሉ የተሻለች ምሳሌ ናት። ኦሺያና ሲሠራ ዙሪያው እርሻ ነበር፤ በኋላ ቤትና ሱቅ እስከ ማኮብኮቢያው አፍ ድረስ ተጠጋ። በ2005 ኮሚሽኑ፣ ከተማውና ስቴቱ ግንባታውን ካላስቆሙና አውሮፕላን ሊወድቅበት በሚችለው የአደጋ ቀጠና ያለውን ንብረት መግዛት ካልጀመሩ ጄቶቹ ፍሎሪዳ ውስጥ ጃክሰንቪል አጠገብ ወዳለው የቀድሞ የባሕር ኃይል ማረፊያ ሴሲል ፊልድ ይሂዱ አለ። ከተማው ዞኒንጉን (የት ምን መሠራት እንደሚችል የሚወስነውን ደንብ) ቀየረ፤ ስቴቱና ከተማው እኩል እያዋጡ በዓመት 15 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለመሬት ግዢ መደቡ። ጄቶቹም ቀሩ።

ቀጠናው እንዲህ ይለካል፦ ከማኮብኮቢያው ጫፍ መጀመሪያ 3,000 ጫማ ምንም የማይሠራበት ነው፣ ቀጥሎ 5,000 ጫማ አንደኛ የአደጋ ቀጠና፣ ቀጥሎ 7,000 ጫማ ሁለተኛው። መስመሩ የበረራውን መንገድ ተከትሎ ሊታጠፍ ስለሚችል በዓይን ግምት አይታወቅም። የጩኸቱ መስመር ለብቻው ነው፤ አማካዩ 65 ዴሲቤል ከሚደርስበት ጀምሮ መኖሪያ ቤት አይመከርም።

ዞኒንግ ብቻውን ለምን አይበቃም? ባለመሬቱ «ንብረቴን ያለ ካሳ ነጠቃችሁኝ» ብሎ ይከስሳል። ስለዚህ ገንዘቡ አብሮ መቅረብ አለበት፦ ባዶ መሬት መግዛት፣ ወይም መሬቱን ለባለቤቱ ትቶ የመገንባት መብቱን ብቻ መግዛት። ለዚህ ሁለተኛው ፔንታጎንም ሬፒ በሚባለው ፕሮግራም ወጪ ይጋራል። ጉዳዩ የሚበላሸው ደግሞ ሁልጊዜ በአንድ መንገድ ነው፤ ደንቡ ይጸድቅና የከተማው ቦርድ «ለዚህ አንድ ሕንፃ ብቻ» እያለ ልዩ ፈቃድ ሲሰጥ ከዓመታት በኋላ ቀጠናው ሞልቶ ይገኛል።

ሁለተኛው መንገድ ቤዙ የሚያስፈልገውን ነገር ከአጥሩ ማዶ ማዘጋጀት ነው። ኦክላሆማ ውስጥ ቲንከር ቤዝ አጠገብ የነበረው የጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካ በ2006 ሲዘጋ፣ የኦክላሆማ ካውንቲ መራጮች በ2008 የ55 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ አጽድቀው ገዙት፤ ለአየር ኃይሉም በዓመት በአንድ ዶላር አከራዩት። እንዲህ ያለ ስፋት ያለው ጣሪያ ያገኘ ቤዝ ሥራ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ሳውዝ ዳኮታም በ2009 መሬት መያዝና ቦንድ ማውጣት የሚችል መሥሪያ ቤት ለኤልስዎርዝ አቋቋመች፤ ቤዙና ቦክስ ኤልደር ከተማ የሚጋሩት የፍሳሽ ማጣሪያም የተሠራው በእሱ በኩል ነው። ቴክሳስ በ2003 መራጩን አስፈቅዳ እስከ 250 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ የብድር ፈንድ አላት። ብድር ግን ብድር ነው፤ ገቢዋ አነስተኛ ለሆነች ከተማ እርዳታው ይሻላታል።

ከፌዴራል በኩል ደግሞ ከአጥር ውጭ ላለ መንገድ፣ ውሃ፣ ትምህርት ቤትና ለመሰለው የሚሰጥ ዲሲፕ የሚባል እርዳታ ከ2020 ጀምሮ አለ። ከተሜ በሆነ አካባቢ ቢያንስ 30 በመቶውን ስቴቱ ወይም ከተማው ያዋጣል፤ ግንባታው በ12 ወር ውስጥ መጀመር አለበት። አመልክተው የሚወድቁት ንድፋቸው፣ የአካባቢ ጥናታቸውና መዋጮአቸው ጥሪው ሲወጣ ያልተዘጋጀላቸው ናቸው። ለእኔ ስቴት ዋሽንግተን ላይ ሎቢስት (ጉዳይ አስፈጻሚ) ከሚቀጥር ለንድፍ ሥራው ገንዘብ ቢሰጥ ይሻላል።

ሥራው እንዲመጣ ማድረግም የራሱ መዘዝ አለው። አሌክሳንድሪያ ሴሚናሪ ሮድ አካባቢ የምትኖሩ አበሾች ታውቁታላችሁ፤ ማርክ ሴንተር በሚባለው ሕንፃ፣ ሜትሮ በሌለበት ቦታ፣ 6,400 ያህል የመከላከያ ሠራተኞች ተመደቡ። ሰዎቹ በ2011 ገቡ፤ ከ395 አውራ ጎዳና የሚወርደው ልዩ ራምፕ (መውጫ) የተከፈተው በ2016 ነው።

ዋስትና የሚባል ነገር እንደሌለም እወቂ። ሳን አንቶኒዮ ብሩክስ ቤዝን በ2002 በራሷ ስም አዙራ ለአየር ኃይሉ መልሳ አከራየች፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ግን የሚዘጉት ዝርዝር ላይ ገባ፣ በ2011 ተዘጋ። የስፔስ ኮማንድ (የጠፈር ዕዝ) ዋና መሥሪያ ቤትም በ2021 አላባማ ላለችው ሀንትስቪል ተባለ፣ በ2023 ኮሎራዶ ይቆይ ተባለ፣ በ2025 እንደገና ለሀንትስቪል ተባለ። በመስፈርቱ ጥሩ ነጥብ ያገኘ ሁሉ አያሸንፍም።

ለቤቱ፦ በቨርጂኒያ ሕግ ጄት ቤዝ ባለበት ከተማ ሻጩ ቤቱ በየትኛው የጩኸትና የአደጋ ቀጠና እንዳለ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ወረቀቱን ቅናሽ ከመደራደራችሁ በፊት ጠይቁ፤ በከተማው ካርታም አመሳክሩ። በአንደኛው የአደጋ ቀጠና ያለ ቤት ዋጋው የረከሰበት ምክንያት አለው፤ ስትሸጡም ያው ምክንያት ይጠብቃችኋል።

የባለቤትሽን ቅጥርም አጣሪ። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆነ መደቡ ከ300ው ቆጠራ ውስጥ ይገባል፤ ቢቀነስም መከላከያ ራሱ ወደ ሌላ ክፍት ቦታ በቅድሚያ የሚመድብበት ፕሮግራም አለው። ኮንትራክተር ከሆነ ቆጠራው ውስጥ የለም፤ እንግዲያው ከቤዙ መዘጋት ይልቅ ኮንትራቱ የሚያልቅበትን ቀን ነው ከሞርጌጁ ጋር ማስተያየት ያለባችሁ።