መልስ፦ የ«ኦል ኢን» የመጨረሻ ግጥሚያ ተቆርጦ ነው ወይ ላልከው

ፋይሉ አልተቆረጠም። ፒያሳ ያስጫንከው የ2018ቱ የሬስሊንግ ዝግጅት «ኦል ኢን» ድንገት የሚያልቀው ዝግጅቱ ራሱ እንደዚያ ስላለቀ ነው። የስርጭት ሰዓቱ ተሟጦ ነበር። ያንግ በክስ የሚባሉት ሁለት ወንድማማቾችና ኮታ ኢቡሺ ከሬይ ሚስቴሪዮ፣ ከፌኒክስና ከባንዲዶ ጋር የገጠሙት 12 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ኦካዳና ማርቲ ስከርል 26 ደቂቃ ያህል ወስደዋል።

ደጋፊው ዛሬም የሚከራከረው በዚህ ነው። እኔ የኦካዳው ማጠር ነበረበት ከሚሉት ወገን ነኝ። እንደዚያ አየር ላይ የሚበሩ ስድስት ልጆችን አጣድፎ ማስጨረስ ያንገበግባል።

ግን በመጨረሻው ብቻ አትፍረድበት። የአራት ኪሎ ጓደኞችህ «ያለ ደብሊው ደብሊው ኢ (ትልቁ የአሜሪካ ሬስሊንግ ድርጅት) ምን ሬስሊንግ አለ» የሚሉ ከሆነ ኮዲና ኒክ አልዲስ የገጠሙትን ክፈትላቸው። ኮዲ ከያንግ በክስ ጋር ሆኖ ያሰናዳው ዝግጅት ነው። ከአሜሪካ፣ ከጃፓንና ከሜክሲኮ ድርጅቶች የመጡ ታጋዮችን አሰባስበው፣ ቺካጎ አጠገብ ከ10,000 በላይ ሰው አስገቡ። ኮዲና አልዲስ የተፋለሙበት የኤንደብሊውኤ (የቆየ የአሜሪካ ሬስሊንግ ድርጅት) የሻምፒዮና ቀበቶ ደግሞ የኮዲ አባት ደስቲ ሮድስ በዘመኑ የታጠቀው ነው። አዳራሹ ሲጮህ ስትሰማ ሰው ለምን እንደሚወደው ይገባሃል።

አንድ ነገር ልብ በል። በፍላሽ የሚዞሩ ቅጂዎች «ዜሮ አወር» የሚባለውን መክፈቻ ሲዘሉ አይቻለሁ፤ ለብቻው ነበር የተላለፈው። ያንተው በማት ክሮስና በኤምጄኤፍ ከጀመረ ጎድሎሃል ማለት ነው። መክፈቻውን ፈልገህ አስቀድመህ እየው፤ አለዚያ ፍሊፕ ጎርደን ከጄይ ሊታል ጋር ለሌላ የሻምፒዮና ቀበቶ ለመግጠም እንዴት እንደበቃ አይገባህም።