ይድረስ ሕግ ለምትማሩ ልጆቼ

እንደምን ሰነበታችሁ? ባለፈው ሰሞን ደብረ ብርሃን ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ስትከራከሩ ሰማሁ። አንዱ፣ «ዓለም አቀፍ ሕግ ፖሊስ የለውም፤ ፖሊስ የሌለው ደግሞ ሕግ አይደለም» አለ። ያን ጊዜ ዝም አልኩ፤ ጡረተኛ አንዴ ከጀመረ ማን ያስቆመዋል?

እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ። የጓሳን ሣር ታውቁታላችሁ፣ ለጣራ ክዳንም ለገመድም ነው። በአስቦና በጌራ ወገን የተመረጡ አለቆች ሜዳውን ለዓመታት ይዘጉትና ሣሩ ሲደርስ ይከፍቱት ነበር። ሥርዓቱ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እስከ 1967ቱ (ዓ.ም.) የመሬት አዋጅ ቆይቷል። ከመንግሥት የተላከ ፖሊስ አልነበረውም። ሣሩን ሰርቆ ያጨደ ሰው ግን ቀብርም ሠርግም ላይ ያንኑ ጎረቤቱን ያገኛል፤ የት ይሄዳል?

አገሮችም እንዲሁ ናቸው፤ ልዩነቱ ጉልበተኛው ጎረቤት ሲጥስ ነው። የመንግሥታት ማኅበር በ1935 (እ.ኤ.አ.) ጣሊያን ላይ ማዕቀብ ጥሎ ነዳጅን ተወው። አጥር ሠርቶ በሩን ክፍት እንደ መተው ነው።

ወጣት ሳለሁ በአንድ ማስታወሻ ላይ «የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ወሰነ፤ ስለዚህ እንገደዳለን» ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ «እንገደዳለን» የምትለዋን ቃል በቀይ ከበባት። የቻርተሩ አንቀጽ 25 አባላትን የሚያስገድደው ለጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ ነው፤ የጉባኤው ውሳኔ ከበጀትና ከመሰል የውስጥ ጉዳዮች በቀር ምክር ነው። ግሱን ሳታዩ አትፍረዱ።

ምክር ነው ማለት ግን ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ኢትዮጵያና ላይቤሪያ በ1960 (እ.ኤ.አ.) ደቡብ አፍሪካን በናሚቢያ ጉዳይ ዘ ሄግ ባለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከሰሱ። በ1966 የዳኞቹ ድምፅ ሰባት ለሰባት እኩል ወጣ፤ የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ወደ አንዱ ወገን አጋደሉትና ከሳሾቹ የመክሰስ መብት የላቸውም ተብለው ተመለሱ። በዚያው ዓመት ጠቅላላ ጉባኤው ደቡብ አፍሪካ በናሚቢያ ላይ የነበራትን የአስተዳደር ሥልጣን አነሳ። በ1971 ፍርድ ቤቱ ራሱ፣ በዚያ መቆየቷ ሕገ ወጥ ነው ሲል የምክር አስተያየት ሰጠ። ናሚቢያ በ1990 ነፃ ወጣች፤ ፍርድ ቤት ብቻውን አላወጣትም፣ ብዙ ደም ፈስሷል።

የ1966ቱን ፍርድ ስታነቡ ታዲያ የአብዛኛውን ዘልላችሁ የጃፓናዊውን ዳኛ የታናካን የተቃውሞ ሐሳብ አስቀድሙ። ረጅም ነው፤ በደብረ ብርሃን ብርድ ጋቢ ደርባችሁ በሁለት ሌሊት ታደርሱታላችሁ።