መልስ፦ እኩል ዩቪ (አልትራቫዮሌት ጨረር) የተመቱ ሁለት ፕሌቶች (ባክቴሪያ የሚበቅልባቸው ሳህኖች) ለምን የተለያየ ብዛት ያለው ኮሎኒ (በዓይን የሚታይ የባክቴሪያ ክምችት) አወጡ?

እህቴ፣ ብዙ ኢ. ኮላይ (የሙከራሽ ባክቴሪያ) የበቀለበት ፕሌት መስኮት ዳር የቆየው ነው ካልሽ፣ ሌላ ጥፋተኛ አትፈልጊ፤ የሐዋሳ ፀሐይ ናት። 254 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው የዩቪ ጨረር ዲኤንኤ ላይ የተጎራበቱ ታይሚኖችን (ከዲኤንኤ አራት ‘ፊደላት’ አንዱን) ያጣብቃል፤ ፎቶላይዝ የሚባለው ኢንዛይም ደግሞ ሰማያዊ ብርሃን ሲያገኝ መልሶ ያላቅቃቸዋል፤ ስለዚህ ብርሃን ያገኘው ፕሌት ላይ ብዙ ባክቴሪያ ይተርፋል። ጨለማ ውስጥም ባክቴሪያው ዝም አይልም፦ ሬክኤ ፕሮቲን የተጋለጠ ነጠላ ዲኤንኤ ላይ ሲሰፍር የጥገና ጂኖችን የሚያፍነው ሌክስኤ ፕሮቲን ራሱን ይቆርጣል፣ ታፍነው የነበሩት ጂኖችም ይነቃሉ።

በሚቀጥለው በደብዛዛ ቀይ ብርሃን ሥሪ። ከጨረሩ በኋላ አንዱን ፕሌት ወዲያው በአሉሚኒየም ፎይል ጠቅልለሽ 37 ዲግሪ ላይ አሳድሪው፤ ሌላውን ለማነጻጸሪያ መጀመሪያ 1 ሰዓት ነጭ መብራት ሥር አቆይው። ጨረሩ ሲበራ ክዳኑ ይነሳ፤ ፕላስቲኩ ዩቪውን ያግዳል (ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው)። መነጽርና ጓንትም አድርጊ።